የነርቭ ሕመም ያለበት ሰው የሚዛን ችግር እንዴት ይመረመራል? ሐዋሳ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ስትሮክ የመታቸው፣ ፓርኪንሰን (እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የአንጎል ሕመም) ያለባቸው፣ ስኳር ነርቫቸውን የጎዳባቸው፣ የህብለ ሰረሰር ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። «ሚዛን የለውም» ብሎ በቀጥታ ወደ ስፖርት መግባት ብዙ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ። ሚዛኑን ያሳጣው ምን እንደሆነ መጀመሪያ መለየት አለበት። ካልተለየ ስፖርቱም ከዘራውም በግምት ነው የሚሰጠው።

አባቴ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እግራቸው በርትቷል። ታዲያ ለምን ይወድቃሉ?

ጉልበት ብቻውን ሰውን አያቆምም። ስንቆም አንጎላችን ሳያቋርጥ ከሦስት ቦታ መረጃ ይቀበላል። አንዱ ዓይን ነው። ሁለተኛው የጆሮ ውስጠኛ ክፍል ነው፤ ጭንቅላታችን ወዴት እንደዞረና እንደዘመመ የሚያውቀው እሱ ነው። ሦስተኛው ከእግር መዳፍ፣ ከቁርጭምጭሚትና ከጉልበት የሚመጣው ስሜት ነው። አንጎል እነዚህን አገናዝቦ ጡንቻዎችን ያዛል። ትእዛዙም በሰዓቱ መድረስ አለበት። ሰው በትከሻው ገፍቶን ሲያልፍ ሳናስበው ራሳችንን የምናስተካክለው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው።

ስትሮክ ከዚህ ሰንሰለት አንዱን ወይም ብዙውን ሊነካ ይችላል። አባትዎ ተኝተው እግራቸውን ሲያነሱ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ሲቆሙ ግን ክብደታቸውን በሙሉ ደህናው እግር ላይ ይጥሉት ይሆናል። ትእዛዙ ዘግይቶ ይደርስ ይሆናል። ወይም ደግሞ በታመመው ወገን ያለውን ነገር አያስተውሉም። ዓይናቸው ያያል፣ አንጎላቸው ግን ያንን ወገን ይተወዋል። የበሩን መቃን በትከሻቸው የሚመቱ፣ ከማዕዱ አንዱን ወገን ብቻ በልተው ሌላውን የሚተዉ ከሆነ ለሚመረምራቸው ሰው ይንገሩ። ይህ ትልቅ የመውደቅ ምክንያት ነው። ካልተጠየቀ ደግሞ ማንም አያነሳውም።

ሲቲ ስካንም ኤምአርአይም ተነስተናል። ሌላ ምርመራ ምን ያደርጋል?

ፎቶው ጉዳቱ የት እንዳለ ያሳያል። ሰውየው ከአልጋ ሲነሳ፣ ሲዞር፣ በጨለማ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ግን አያሳይም። ፎቶው ላይ ትንሽ ነጥብ ብቻ ታይቶባቸው መቆም ያቃታቸው አሉ። ትልቅ ጠባሳ ኖሮባቸው ብቻቸውን ገበያ ደርሰው የሚመለሱም አሉ።

አንዳንድ ቤተሰብ ብዙ ብር አውጥቶ፣ አዲስ አበባ ድረስ ተመላልሶ ፎቶ ያስነሳል። «ከወንበር ይነሱ እስቲ፣ ትንሽ ይራመዱ» ያላቸው ሰው እንዳልነበረ ሲነግሩኝ ከልቤ አዝናለሁ። የሚዛን ምርመራ አብዛኛው የሚፈልገው ወንበር፣ ሰዓት፣ ሜትርና በትኩረት የሚያይ ባለሙያ ነው። ፎቶውም የራሱ ቦታ አለው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

«ያዞረኛል» ስል ሁሉም ባለሙያ መልሶ መላልሶ ይጠይቀኛል። ለምን?

መነሻው እጅግ የተለያየ ስለሆነ ነው። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ቀና ሲሉ ቤቱ ለጥቂት ሰከንዶች ቢሽከረከርብዎት፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ጆሮ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ክሪስታሎች ከቦታቸው መንሸራተት ይመጣል። ይህ ጭንቅላትን በተወሰነ አቅጣጫ በማስተኛት ይረጋገጣል፤ በዚያው ዓይነት እንቅስቃሴም ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ስትሮክ ያለበት ሰው ይህም ሊደርብበት ይችላል። ሁሉንም ነገር በስትሮኩ ማሳበብ አይገባም።

ከተቀመጡበት ሲነሱ ዓይንዎ ጭልም የሚልብዎት ከሆነ ደግሞ የደም ግፊት መውረድ ይጠረጠራል። በዚህ ላይ በጣም አጥብቄ እናገራለሁ። ፓርኪንሰንና ስኳር የደም ሥርን የሚቆጣጠሩትን ነርቮች ስለሚነኩ ይህ ችግር በነሱ ላይ ይበዛል። የግፊት መድኃኒትም ያመጣዋል። ምርመራው ቀላል ነው። 5 ደቂቃ ያህል ተኝተው ግፊትዎ ይለካል። ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለካል። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ችግሩ ተገኘ ማለት ነው። ብዙ ቦታ ግፊት የሚለካው ተቀምጦ ብቻ ነው። ስለዚህ «ቆሜም ይለካልኝ» ብለው ይጠይቁ። መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቁሙ፤ ያዘዘው ሐኪም ያስተካክለው።

ሲቀመጡ ደህና ሆነው ሲራመዱ ብቻ የሚንገዳገዱ ከሆነ ወደ እግር ነርቭ፣ ወደ ህብለ ሰረሰር ወይም ወደ አንጎል ነው የምናየው።

ምርመራው ላይ ምን ይደረጋል?

በጨዋታ ነው የሚጀመረው። ወድቀዋል ወይ? ወዴት ወገን? ምን እያደረጉ? ወደ ኋላ ነው ወይስ ወደ ጎን? ስንት ሰዓት ላይ? መነሳት ቻሉ? ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ መረጃ የለም። ሁልጊዜ ማታ ሽንት ቤት ሲሄዱ የሚወድቁ ሰውና ሁልጊዜ ሲዞሩ የሚወድቁ ሰው ሕክምናቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ ወድቀው ሲነሱ አይተው የሚያውቁ የቤተሰብ አባል አብረዋቸው ቢመጡ ጥሩ ነው። የሚያስተኛ፣ የሚያረጋጋ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ይነገር።

ቀጥሎ መነሻዎቹ ይታያሉ፦ የጡንቻ ጉልበት፣ የእግር መገተር፣ የቁርጭምጭሚት መታጠፍ፣ የእግር መዳፍ ስሜት፣ የዓይን እንቅስቃሴ። ጣትዎን ከአፍንጫዎ ወደ ባለሙያው ጣት እንዲያመላልሱ፣ ተረከዝዎን በሌላው እግር አጥንት ላይ እንዲያንሸራትቱ ይጠየቃሉ። ይህ ቅንጅትን ለማየት ነው።

ከዚያ ሥራው ይመጣል። በጣም የተለመደው ታይምድ አፕ ኤንድ ጎ የሚባለው ነው። ከወንበር ተነስተው 3 ሜትር በለመዱት ፍጥነት ይራመዳሉ፤ ዞረው ይመለሱና ይቀመጣሉ። ጊዜው ይያዛል። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የወሰደበት አረጋዊ የመውደቅ ስጋት እንዳለበት ይታሰባል። እኔ ግን ከሰከንዱ ይልቅ አነሳሱን ነው በደንብ የማየው። ወንበሩን በእጃቸው ገፍተው ነው የተነሱት? ሲዞሩ ስንት እርምጃ ወሰደባቸው? ወንበሩ ጋ ሳይደርሱ ተቀመጡ? 11 ሰከንድ ላይ ጨርሰው ወንበሩ ላይ የሚወድቁ ሰው አሉ።

ወደ ፊት መዘርጋትም አለ። ከግድግዳ ጎን ቆመው፣ ክንድዎን ዘርግተው፣ እግርዎን ሳያንቀሳቅሱ ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚደርሱ በሜትር ይለካል። 25 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የደረሰ ደህና ነው፤ ከ15 በታች ከሆነ ስጋቱ ከፍ ያለ ነው። መደርደሪያ ላይ ያለ ሲኒ ለማንሳት የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

የመጨረሻው ብዙዎች የማይጠብቁት ነው። ባለሙያው ከኋላዎ ቆሞ፣ አስቀድሞ ነግሮዎት፣ ትከሻዎን በድንገት ወደ ኋላ ይስብዎታል። ደህና ሰው በአንድ ወይም በሁለት እርምጃ ራሱን ያቆማል። ከዚያ በላይ የተራመደ ወይም ያለ እርምጃ እንደ እንጨት የወደቀ ሰው የማስተካከል ምላሹ ተጎድቷል። ባለሙያው ሊይዝዎት ዝግጁ ሆኖ ነው የሚያደርገው። ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሞከርም።

ዓይኔን ጨፍኜ እንድቆም የተደረገው ለምንድን ነው?

የሮምበርግ ፈተና ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እግርዎን ገጥመው ይቆማሉ። መጀመሪያ ዓይንዎ ተከፍቶ፣ ቀጥሎ ተጨፍኖ። ባለሙያው አጠገብዎ ሆኖ እስከ 30 ሰከንድ ያያል።

ነገሩ ይህ ነው። የእግሩ ስሜት የጠፋ ሰው በዓይኑ ነው የሚቆመው። ዓይኑ ሲጨፈን የሚደገፍበት ያጣል። ሐዋሳ ላይ ይህን ያለ ምርመራ ክፍልም ታውቁታላችሁ። መብራት ሲጠፋ ኮሪደር ላይ የሚወድቁ እናት፣ ፊታቸውን በሳሙና ሲታጠቡ ወደ ፊት የሚዘነበሉ አባት ያው ናቸው። ቀን ቀን ደህና ስለሚራመዱ ቤተሰቡ «ዕድሜ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ ግን ለዓመታት የቆየ ስኳር የእግር ነርቭ ጎድቶ ይገኛል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም እንዲህ ያደርጋል። እሱ በደም ምርመራ የሚታወቅ፣ በጊዜ ከተደረሰበት የሚታከም ነው። ስለዚህ ቶሎ መለየቱ ዋጋ አለው።

የእግር ስሜት በቀጭን የናይለን ክርና በሚነዝር ሹካ መሰል ብረት ይለካል። ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ «ነካኝ»፣ «አሁን ቆመ» ይላል። ጣቶቹ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲታጠፉ ወዴት እንደሄዱ ይጠየቃል። ካላወቀው፣ የሚረግጠውን መሬት አያውቀውም ማለት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ወፍራም ስፖንጅ ላይ ቆመው እንዲጨፍኑ ይደረጋል። ስፖንጁ የእግርን መረጃ ያደበዝዛል፤ ጨለማው የዓይንን ይወስዳል፤ የቀረው ጆሮ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ብቻ የሚወድቅ ሰው ችግሩ ከውስጠኛው ጆሮ ሊሆን ይችላል።

ወንድሜ መጠጥ አይቀምስም፤ ሰፈሩ ግን «ሰክሮ ነው» ይለዋል።

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ልቤ ይነካል። ከአንጎል በስተኋላ ያለው ሴሬቤለም የሚባለው ክፍል ሲጎዳ ሰው እግሩን አራርቆ ይራመዳል፤ ወዲያና ወዲህ ይወላገዳል፤ ንግግሩም ይጎተታል። ዕቃ ሊያነሳ ሲል እጁ አልፎ ይሄዳል። በዘር የሚተላለፍ ሊሆን ይችላል። ከስትሮክ፣ ከዕጢ፣ ከኢንፌክሽን፣ ከመልቲፕል ስክለሮሲስ (የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን የሚጎዳ ሕመም)፣ አንዳንዴም ከሚጥል በሽታ መድኃኒት መጠን መብዛት ሊመጣ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ብዙ መጠጣትም ይህንኑ ክፍል ይጎዳል። ሰፈሩ ዕድሜውን ሙሉ አልኮል ያልነካውን ሰው የሚያማው ሁለቱ መልካቸው ስለሚመሳሰል ነው።

በምርመራ ከእግር ስሜት ማጣት ይለያል። የሴሬቤለም ችግር ያለበት ሰው ዓይኑን ከፍቶም ይወዛወዛል። በአንድ መስመር ላይ ተረከዝ ከጣት አግጥሞ መራመድ ያቅተዋል። ጓያ ያሽመደመዳቸው ሰዎች አረማመድ ደግሞ ሌላ ነው፤ እግራቸው ይገተራል፣ ጉልበታቸው ይቆላለፋል፣ ስሜታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ሐዋሳ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው ያለባት ከተማ ናትና ያደጉበትን ቦታና ያኔ ይበሉ የነበረውን እጠይቃለሁ።

ወንድምዎ እስኪመረመር ድረስ አንድ ነገር ያድርጉለት። ከባለሙያ የሕመሙን ስም የያዘ ወረቀት ያስጽፉለት። ፖሊስ ወይም የባጃጅ ሹፌር ሲያጉላላው የሚያሳየው ይኖረዋል።

«56 ከ56» ወይም «38 ከ56» ይሉናል። ምን ማለት ነው?

የበርግ የሚዛን መለኪያ ነው። በ1989 በካናዳ ነው የቀረበው። 14 ሥራዎች አሉት። ከመቀመጥ መነሳት፣ ሳይደገፉ መቆም፣ ከወንበር ወደ ወንበር መዛወር፣ ከመሬት ዕቃ ማንሳት፣ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት፣ ሙሉ ዙር መዞር፣ በአንድ እግር መቆም ያሉት ናቸው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል። ድምሩ ከ56 ነው። 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ለረጅም ጊዜ 45 እንደ መለያ ሲጠቀስ ኖሯል፤ ከዚያ በታች የሆነ ሰው የመውደቅ ስጋቱ ከፍ ይላል ይባላል። እባክዎ ቁጥሩን እንደ ፈተና ማለፊያ አይዩት። 50 አምጥተው በሳምንቱ የሚወድቁ አሉ። 40 አምጥተው ተጠንቅቀው የሚኖሩ አሉ። በርግ ሲገፉ ምን እንደሚሆኑ አይጠይቅም፤ አረማመድንም አያይም። ስለዚህ ገና የጀመረ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ሙሉ ነጥብ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሚኒ ቤስቴስት የሚባለው ይሻላል። እሱም 14 ሥራ አለው፤ ድምሩ 28 ነው። መገፋትን፣ በስፖንጅ መቆምን፣ እያሰቡ መራመድንም ያካትታል።

ከወር በኋላ ከ38 ወደ 40 ወጡ ቢባል ገና አይደሰቱ፤ ወደ 36 ወረዱ ቢባልም አይደንግጡ። ሌላ ቀን፣ ሌላ ባለሙያ፣ የእንቅልፍ ማጣት ያን ያህል ልዩነት ያመጣሉ። 5 ነጥብና ከዚያ በላይ ሲቀየር ነው ነገሩን እንደ እውነተኛ ለውጥ የማየው። ይልቅ የትኞቹ ሥራዎች ላይ 0 እና 1 እንደተሰጠ ያስነግሩ። ሕክምናው ያለው እዚያ ነው።

ወንበሩንም ልብ ይበሉ። እነዚህ መለኪያዎች የተሠሩት ከፍ ባለ ወንበር ነው። እኛ ቤት የቡና በርጩማ አለ። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት አለ። የሐኪም ቤቱን ወንበር በቀላሉ የተነሱ እናት ከበርጩማው ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ስግደትም እንዲሁ ነው። ሶላት የሚሰግዱ፣ ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ይዘው ለሰዓታት የሚቆሙ ሰዎች ያንን ሳናይ «ደህና ነዎት» ማለት አይገባንም። እኔ ሁልጊዜ «ማድረግ የናፈቀዎት ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤልን ማንገሥ የሚፈልጉ ሰው በሰው ግፊያ መሃል መቆም መቻላቸው መታየት አለበት። ፍቅር ሐይቅ ዳር መንሸራሸር የሚፈልጉ ሰው ደግሞ ሌላ ነው የሚታይላቸው።

ፓርኪንሰን አለብኝ። በስንት ሰዓት ልምጣ?

መድኃኒቱን የወሰዱበትን ሰዓት ጽፈው ይምጡ። ሌቮዶፓ የሚባለው የፓርኪንሰን መድኃኒት ሲሠራና ሲያልቅ ሁለት የተለያየ ሰው ነው የምናየው። ጠዋት መድኃኒቱ ሥራ ላይ እያለ ተመርምረው በሌላ ጊዜ ደግሞ ሊያልቅ ሲል ቢመረመሩ ሁለቱ ውጤቶች አይወዳደሩም። ስለዚህ ድጋሚ ምርመራው መድኃኒቱ ከተወሰደ በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። ቤት ውስጥ የሚወድቁት ሊያልቅ ሲል ከሆነ ግን ያንኑ ሰዓት ማየት ያስፈልጋል።

እግር መሬት ላይ ተጣብቆ የሚቀርበት ነገርም አለ። በበር ሲገቡ፣ ጠባብ ቦታ ሲዞሩ፣ ሲቸኩሉ ይመጣል። ሰፊ የሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ላይታይ ይችላል። ቤተሰብ በስልኩ ቪዲዮ ቀርጾ ቢያመጣ ትልቅ እገዛ ነው።

እየተራመድኩ ሳለ ያናግሩኛል፣ ቁጥር አስቆጠሩኝ። ይህ ምን ይሉት ነው?

አንጎልዎ ሁለት ሥራ በአንድ ላይ መቻሉን ነው የሚያዩት። ደህና ሰው ሳያስብ ነው የሚራመደው። ሚዛኑ የተጎዳ ሰው እርምጃውን በማሰብ ይደግፈዋል፤ ሐሳቡ ሲወሰድበት እግሩ ይዘገያል ወይም ይቆማል። ሲያናግሩት ለመመለስ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው ካለ ቤተሰብ ራሱ ሊያስተውለው ይችላል። በመጽሐፍ የተጻፈው ከ100 እየቀነሱ መቁጠር ነው። ትምህርት ቤት ላልገቡ እናት ግን ይህ የሒሳብ ፈተና ይሆንባቸዋል። እኔ ከገበያ የሚገዛ ዕቃ እየጠሩ እንዲሄዱ አደርጋለሁ።

አባቴ መቆም አይችሉም። እሳቸውን መመርመር ትርጉም አለው?

አዎ፣ በጣም አለው። ሚዛን ከመቀመጥ ይጀምራል። አልጋ ጠርዝ ላይ ሳይደገፉ ስንት ጊዜ ይቆያሉ? ወደ ጎን ዘርግተው ዕቃ ያነሳሉ? ተመልሰው ይቃናሉ? ስትሮክ በመታቸው ሰዎች ላይ ተቀምጠው ወገባቸውንና ደረታቸውን መቆጣጠር መቻላቸው በኋላ እንደሚራመዱ ከሚጠቁሙት ምልክቶች አንዱ ነው። የህብለ ሰረሰር ጉዳት ላለበት ሰው ደግሞ ልብስ መልበስም፣ ከዊልቸር ወደ አልጋ መዛወርም በዚሁ ይወሰናል።

አንዳንድ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች በደህናው እጃቸው ራሳቸውን ወደ ታመመው ወገን ይገፋሉ። ቤተሰብ ሊያቃናቸው ሲሞክር ይበልጥ ይገፋሉ። እልኸኛ ሆነው አይደለም። አንጎላቸው ቀጥ ማለትን ስለሳተ ዘምበው ሳለ ቀጥ ያሉ ይመስላቸዋል። አይታገሏቸው፣ አይቆጧቸው። ምርመራው ይህን ከለየው አያያዙ ይለወጣል።

እናቴ ወድቀው አያውቁም። ግን ከቤት አልወጣም አሉ።

ፍርሃቱም ይመረመራል። እንዲያውም ሳይታይ ከቀረ ሰውየው ይበልጥ ይደክማል፤ ካልተንቀሳቀሰ ሚዛኑ ራሱ ይበላሻል። ለዚህ ኤቢሲ የሚባል 16 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። እያንዳንዱን ነገር ሲያደርጉ ምን ያህል እንደሚተማመኑ ከ0 እስከ 100 ይመልሳሉ። በውጭ የተዘጋጀ በመሆኑ በረዶ የጋገረው የእግረኛ መንገድ ላይ ስለመሄድ ይጠይቃል። ሐዋሳ ላይ ይህ አይገባም። እኔ ዝናብ የመታውን ኮብልስቶን፣ አሞራ ገደል ያለውን እርጥብ መሬት፣ ባጃጅ ላይ መውጣትና መውረድን እጠይቃለሁ። እንዲህ ሲቀየር ቁጥሩን ከውጭ ቁጥር ጋር ማወዳደር አይቻልም። የእናትዎን የዛሬ መልስ ከሦስት ወር በኋላው ጋር ማወዳደር ግን ይቻላል።

ቤት ውስጥ ራሳችን መሞከር እንችላለን?

ከፊሉን ይችላሉ። ግድግዳ የተደገፈ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ አምስት ጊዜ ተነስተው ይቀመጡ። በስልክ ሰዓት ይያዙ። 15 ሰከንድ ካለፈ ለባለሙያ ይንገሩ። አንድ ሰው አጠገብ መቆም አለበት። ዓይን ጨፍኖ መቆምን፣ በአንድ እግር መቆምንና መገፋትን ቤት ውስጥ አይሞክሩ።

ከሁሉ የሚጠቅመኝ ግን የወደቁበትን ቀንና ሁኔታ የያዘ ደብተር ነው። ልትወድቁ ስትሉ የተረፋችሁበትንም ጻፉት።

ከዘራ ይዘው ይመርመሩ ወይስ ሳይዙ?

ሁለቱም ይታይ፤ የትኛው እንደሆነም ይጻፍ። ከዘራው ከሰው የተወረሰ ከሆነ ቁመቱ ይለካ። ቆመው እጃቸው ወደ ታች ሲንጠለጠል እጀታው የእጅ አንጓ ላይ መድረስ አለበት። ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ያለቀ ከዘራ ሴራሚክ ላይ ራሱ ይጥላል። ጫማውም እንዲሁ፤ በነጠላ ጫማ የሚመጣ ሰው በነጠላ ጫማውም ይታያል፣ ምክንያቱም የሚኖረው በእሱ ነው።

ወጌሻ ጋ ወስደናቸዋል፤ ጸበልም እየሄዱ ነው። ይጎዳል?

ጸበሉን ማንም አይከለክልዎትም። እርጥብ ድንጋይ ላይ ብቻቸውን አይቁሙ፣ መድኃኒታቸውን አያቋርጡ፤ የምለው ይህን ብቻ ነው። የሚይዛቸው ሰው በታመመው ወገን ይቁም።

በመታሸቱ ላይ ግን እጠነቀቃለሁ። ስትሮክ ያደከመውን ክንድ መጎተት ትከሻን ከቦታው ያሳስታል፤ ለወራት የሚቆይ ሕመም ያመጣል። ስሜት የሌለውን እግር በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ወይም በእሳት ማሞቅ ያቃጥላል፤ ሰውየው አያውቀውም። የስኳር ቁስል ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። የውኃውን ሙቀት ደህና እጅ ያለው ሰው ይሞክረው።

ቀጠሮ ሳንጠብቅ መሮጥ ያለብን መቼ ነው?

ሚዛን በድንገት ሲጠፋ። በተለይ ከፊት መጣመም፣ ከእጅ መዛል፣ ከንግግር መተሳሰር፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ከማየት ወይም ከብርቱ ራስ ምታት ጋር ከመጣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። «ነፋስ መትቶት ነው፣ ይተኛበት» አይባልም። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። የጀመረበትን ሰዓት ይያዙ። ውኃም ምግብም አይስጡ፤ ትንታ ሊገባ ይችላል።

ሁለቱም እግሮች እየዛሉ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም በመቀመጫ አካባቢ ስሜት ከጠፋ ህብለ ሰረሰር ተጭኖ ሊሆን ይችላል። የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከተከተለው የአከርካሪ ቲቢም ይታሰባል። እሱ ይታከማል፤ ግን ሳይዘገይ ነው። ወድቀው ጭንቅላታቸውን የመቱ፣ በተለይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ደህና ቢመስሉም ይታዩ።

ሐዋሳ ላይ የት እንሂድ? ምን እንያዝ? በስንት ጊዜ ይደገም?

በቅርብዎ ካለ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ግፊት ቆሞ መለካት፣ የስኳር ምርመራና የእግር ማየት እዚያ ይሠራል። ከዚያ ወደ አዳሬ ሆስፒታል ወይም ሰዎች ሪፈራል ወደሚሉት የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያስጽፉ። ስታስጽፉ «ይንገዳገዳል» ብቻ ሳይሆን ከመቼ ጀምሮና ስንት ጊዜ እንደወደቁ ይጻፍ። የግል ክሊኒክ ከመረጡ አስቀድመው ደውለው አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «የሚዛን መለኪያ ሞልታችሁ ወረቀቱን ትሰጡናላችሁ?» አዎ የሚል ቦታ ይሻላል።

የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ከነማሸጊያው፣ የቆየውን ፎቶና ወረቀት፣ የዓይን መነጽር፣ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ጫማና ከዘራ ይያዙ። ከጉልበት በላይ የሚሰበሰብ ሱሪ ወይም ሰፊ ቀሚስ ይልበሱ። ቁርስ በልተው ይምጡ።

ስትሮክ በቅርቡ የመታው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብዙ ስለሚለወጥ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ቢለካ ጥሩ ነው። ፓርኪንሰንና የስኳር የነርቭ ጉዳት በዝግታ ስለሚሄዱ ስድስት ወር ይበቃል። ከወደቁ፣ መድኃኒት ከተቀየረ ወይም ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ ግን ቀጠሮውን አይጠብቁ። ያለፈውን ውጤት ወረቀት ሁልጊዜ ይዘው ይምጡ፤ ካርድ ክፍል ቢጠፋ እርስዎ ጋ ይገኛል።